ስለ ቢዝነስ ክላስ ወንበርዎ አመራረጥ

ለተከበሩ አቶ ገብረወልድ
የቡና አምራቾች ዩኒየናችን ሥራ አስኪያጅ
ሚዛን ተፈሪ

የጌታ ሰላም ይብዛልዎ እያልኩ፣ ከዱባይ ከተመለሱ ወዲህ ጤናዎ እንዴት እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ተኝተው ሄደው ተኝተው ስለተመለሱ ወገብዎ ደህና እንደሚሆን አልጠራጠርም። እኔ የዩኒየኑ ቡና ቀማሽ ሆሳዕና አሞጽ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት፣ ቢሮዎ ለመግባት ሁለት ሳምንት ቀጠሮ ጠይቄ ስላጣሁ ነው።

አንደኛ፣ የዱባዩ ኤግዚቢሽን አዘጋጆች የሸዋ ቤንች ቡናችንን ወደውት፣ ቡናውን የሚያውቅ አንድ ሰው እንድንልክ፣ የቢዝነስ ክላስ ቲኬቱንም ወጪ እነሱ ስለሚችሉ ከሁለት አየር መንገዶች የምንፈልገውን እንድንመርጥ ሲጽፉልን፣ ያ ቡና አዋቂ እርስዎ መሆንዎን ደብዳቤውን አንብበው ሳይጨርሱ ስለደረሱበት አመሰግናለሁ። እኔ ናሙናውን ጭኔ ላይ አቅፌ በሚኒባስ ስመላለስ፣ ይህን ከባድ ውሳኔ ብቻዎን ተሸክመውታል።

ሁለተኛ፣ «አንቺ ጠንቃቃ ነሽ፣ አየር መንገዶቹን አወዳድሪልኝ» ብለው ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ስልክ ደወልኩ። የአንደኛው ወንበር ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል። የሌላው አልጋ አጠር ቢልም መኪና ከኤርፖርት ተቀብሎ ሆቴል ድረስ ያደርሳል፤ ማረፊያ ክፍሉም ሻወር አለው። በዚያው ሳምንት እኔ የማውቀው አልጋ ቡና የሚሰጣበትን ብቻ ነበር፤ ደመና በመጣ ቁጥር እየሮጥኩ ሸራ አለብሰው ነበር። እርስዎ ግን ያዘጋጀሁትን ሰንጠረዥ ሦስት ጊዜ መለሱልኝ፤ አንዱን የትራሱ ብዛት አልተጻፈም ብለው። በመጨረሻ ሰንጠረዡን ወዲያ አድርገው፣ «የጎረቤት ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ አምና በየትኛው ነው የሄደው?» አሉኝ። አጭር አልጋ ባለው መሆኑን ነገርኩዎት። ወዲያው ረጅሙን መረጡ። ያን ቀን ከቢሮዎ ወጥቼ ሳቅሁ። አሁን ግን ቅናት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ከእርስዎ እኩል አውቃለሁ።

ሦስተኛውን ምስጋና ለመጻፍ እጄ ትንሽ ይከብዳል። በኤግዚቢሽኑ ቀን፣ ከቡናው አልጋ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። በሹክሹክታ «ሆሳዕና፣ ምን ምን ይላል?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ቡናው ነዋ! ሰዎቹ ቆመው እየጠበቁኝ ነው!»

መጀመሪያ ብርቱካን፣ ሲበርድ ማር፣ መጨረሻ ላይ የኮረሪማ ሽታ እንዳለው ነገርኩዎት፤ እርስዎም ቃል በቃል ደገሙት። ከዚያ አስተርጓሚዋ ዩስራ የገዢዎቹን ጥያቄ ስታቀርብ ሰማሁ፤ «በስልኩ ላይ ያለችው ማን ናት ይላሉ።» እርስዎም «ጸሐፊዬ ናት» ብለው መለሱ። ስልኩን መዝጋት ረስተው ነበር። ስለ አዲሱ ሹመቴ እጅግ አመሰግናለሁ።

በአልጋው አልቀናሁም ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ውሸት ይሆንብኛል። በአልጋውም ቀንቻለሁ። ከአውሮፕላኑ ውስጥ የላኩትን ፎቶ አጉልቼ ብርድ ልብሱን ሳይቀር መርምሬዋለሁ። ከዚያ ሁሉ የባሰብኝ ግን ሌላ ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ቡና ቀምሼ ሸኝቻለሁ፤ ያ ቡና በባዕድ አገር ሰው አፍ ውስጥ ሲገባ ፊቱ ምን እንደሚሆን አንድም ቀን አላየሁም። እርስዎ ከፊታቸው ቆመው ነበር፤ ግን አላዩዋቸውም፤ ከእኔ ጋር በስልክ ነበሩ።

በሚቀጥለውም ጉዞዎ መንገዱ ጨርቅ፣ ወንበሩ ሰፊ፣ መስተንግዶው የማያቋርጥ እንዲሆንልዎ በመመኘት፣

ታዛዥዎ
ሆሳዕና አሞጽ
ቡና ቀማሽ

ማሳሰቢያ፦ ገዢዎቹ የፊታችን ረቡዕ ሚዛን እንደሚገቡ ዩስራ በናሙናው ከረጢት ላይ በጻፍኩት ቁጥሬ ዛሬ ጠዋት ደውላ ነገረችኝ። ውሉን ከመፈረማቸው በፊት ከእኔ ጋር መቅመስ ይፈልጋሉ። ስብሰባ ካለብዎት በምንም መንገድ አይቸገሩ። ስለ ቡናው የሚጠይቁትን እኔ እመልስላቸዋለሁ፤ ስለ አየር መንገድ ከጠየቁኝ ግን በቀጥታ ወደ እርስዎ እልካቸዋለሁ።