ለደስታ በተተከለው ድንኳን ለተሸኙት ለዶክተር ማኅሌት ተሬፋ

ዶክተር ማኅሌት ተሬፋ ከአባታቸው ከኦቦ ተሬፋ ሌታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቂቱ ሙለታ ጥቅምት 12 ቀን 1985 ዓ.ም. በአምቦ ከተማ ተወለዱ። ይህን የምጽፈው እኔ የእናታቸው ወንድም እንግዳወርቅ ነኝ። አንቺ እያልኩ ያሳደግኋትን ልጅ አንቱ ብዬ ለመጻፍ እጄ እንቢ እያለኝ ነው፤ ወጉ ነውና እጽፋለሁ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአምቦ ተከታትለው በ2006 ዓ.ም. በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ጊንጪ ለሁለት ዓመት ካስተማሩ በኋላ አዲስ አበባ ገብተው በ2010 ዓ.ም. ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ያዙ። በዚያው ዓመት ባኮ የሚሠሩትን የእርሻ ባለሙያ አቶ ኢዮሲያስ ወሰኑን አገቡ፤ በ2012 ዓ.ም. ልጃቸውን ሀናን ወለዱ።

የዶክትሬት ጥናታቸውን የጀመሩት በ2011 ዓ.ም. ነው። ጥናቱ ከአለት ውስጥ እየወጣ በቤት ውስጥ ስለሚጠራቀም፣ ስለማይታይና ስለማይሸት፣ ራዶን ስለተባለ ጋዝ ነበር። ብዙ ጊዜ አስረድተውኝ የገባኝ ይህችው ናት። በደንዲና በሐሮ ወንጪ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ልኬቱን የሚይዝ ትንሽ ፕላስቲክ ያለበት ኩባያ ከጣሪያ ላይ ይሰቅሉና ከወራት በኋላ ተመልሰው ይሰበስቡ ነበር። ወንጪ ላይ አንዲት የቤት እመቤት የእንግዳ ዕቃ አቧራ ሲለብስ ማየት ነውር ሆነባቸው። ኩባያውን አውርደው በሳሙና አጠቡት፣ ፕላስቲኩንም ቆሻሻ ነው ብለው ጣሉት፣ ከብርጭቆዎቻቸው ጋር ደርድረው ጠበቋቸው። የስንት ወር ልፋት ውሃ በላው። ማኅሌት ግን ሴትዮዋን አመስግነው፣ ምሳቸውን በልተው፣ አዲስ ኩባያ ሰቀሉ። ያለቀሱት መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው፤ ሾፌሩ ነግሮኛል።

ትምህርት ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ መሣሪያ ተበላሸ፤ አራት ዓመት የተባለው ሰባት ዓመት ፈጀ። ወይዘሮ ወርቂቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "ዶክተሬ" ሲሏቸው ማኅሌት ይቆጡ ነበር። ሳልጨርስ እንዲህ አትጥሪኝ፣ የጨረስኩ ዕለት እኔው ደውዬ እነግርሻለሁ ይሏቸው ነበር። ጨርሰውም አምቦ ተመልሰው ለማስተማር ቆርጠው ነበር።

ዓርብ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጥናታቸውን ለፈታኞች አቅርበው አለፉ። ከአዳራሹ እንደወጡ ደወሉና "እማዬ፣ አሁን ጥሪኝ" አሉ። እህቴም በለቅሶ መሐል "ስልክ ላይማ አይሆንም፣ እሑድ ስትመጪ አቅፌሽ እጠራሻለሁ" አሏቸው።

ጾመ ነቢያት ሳይገባ ለእሑድ ቅበላ ድግስ ተባለ። በግ ተገዛ፤ የእድሩ ድንኳንም ተለምኖ ቅዳሜ አምቦ በወላጆቻቸው ግቢ ተተከለ። የእድራችን ሕግ የታወቀ ነው፤ ድንኳን ለደስታም ይሰጣል፣ ሰፈር ውስጥ ሰው ከሞተ ግን ባለደስታው ነቅሎ ያስረክባል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማኅሌት እዚያው አዲስ አበባ ሳሉ ራሴን አሉ። ሆስፒታል ቢደርሱም በአንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ነበርና በተወለዱ በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ማምሻውን ዐረፉ። የምትለካው ነገር ነው የገደላት እያላችሁ በየጥጉ የምታወሩ ሰዎች፣ ሐኪሞቹ አይደለም ብለዋልና እባካችሁ ተዉን።

እሑድ ሲነጋ የእድሩ ዳኛ ኦቦ ጋዲሳ ሽማግሌዎች አስከትለው ሊያረዱን መጡ። ወይዘሮ ወርቂቱ ነጭ በነጭ ለብሰው ወንበር ይደረድሩ ነበር። እድርተኞቹን ሲያዩ ጎረቤት ሰው ሞቶ ድንኳኑን ሊወስዱ የመጡ መሰላቸው። "ማን ዐረፈብን? ውሰዱት፣ ሐዘን ይቀድማል፤ እኛ ደጅ ላይም እንበላለን" እያሉ ገመዱን በገዛ እጃቸው መፍታት ጀመሩ። አንዱን ካስማ ነቅለውታል። ኦቦ ጋዲሳ እጃቸውን ያዙና "ዲሲ ወርቄ፣ ተይው፣ አትፍቺው" አሉ። እህቴ ገመዱን እንደያዙ ቀሩ። እኔ በጉን ይዤ ቆሜ ነበር። አሁንም የምጽፈው ሳላምነው ነው።

ዶክተር ማኅሌት ባለቤታቸውን፣ ትንሿን ሀናንና ወላጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ኦቦ ተሬፋ የልጃቸው ስም ከነማዕረጉ ካልተነበበ አስከሬኑ ከዚህ ድንኳን አይወጣም ስላሉ እንዲሁ ተጽፏል፣ እንዲሁም ተነብቧል። እህቴ ግን ገና አልጠሯቸውም። ከሳጥኑ አጠገብ ተቀምጠው ይህ ጽሑፍ እስኪያልቅ እየጠበቁ ነው።

እግዚአብሔር የደከመች ነፍሳቸውን በብርሃን ቦታ ያሳርፍልን፤ ለሀና ዕድሜ፣ ለወላጆቻቸው አቅም ይስጥልን። አሁን ጸጥ እንበል፤ እናታቸው ሊጠሯቸው ነው።