ስም ያልተለጠፈባቸው ቅርጫቶች

ቦንጋ፣ የካቲት 2003 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ገብረሚካኤል፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የዋጫ አየር ለወገብዎ ተስማማዎት? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ብጀምር ውሸት ይሆናል፤ እርስዎ ደግሞ ውሸቴን ከሩቅ ያውቁታል። ጡረታ ሲወጡ ልጆቹን አራተኛ ክፍል ሲደርሱ አስረክበውኝ «ማዕረግ፣ አፍሽን ሰብሰብ፣ ዓይንሽን ገለጥ አድርጊ» ብለውኝ ነበር። አፌን ሰበሰብኩ። ምን ዋጋ አለው!

ብርቅዬን መቼም አይረሷትም። ከጫካው ጥግ ከሚኖሩት ከከሰል አክሳዮቹ ወገን፣ ከክፍላችን ብቸኛዋ ልጅ። አገሩ ከሰላቸውን ይገዛል እንጂ ማዕድ አብሯቸው አይቆርስም፣ እጃቸው የነካውን አይቀምስም። ይህን ለእርስዎ ምን አስነገረኝ፤ ልጅቷን ከኋላ ወንበር አንስተው መሃል ያስቀመጧት እርስዎ ነዎት። ስናደድ እንዲህ የሚታወቀውን ሁሉ እደጋግማለሁ።

በእርስዎ ልማድ ዘንድሮም በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ከዘንባባ ቅጠል ትንንሽ ቅርጫት ሠሩ። በወላጆች ቀን ከየቤቱ የመጣው ቆሎ አንድ ላይ ይደባለቅና በቅርጫቶቹ ይቀርባል፤ ወላጅ ሁሉ ከፊቱ ካገኘው እየዘገነ ይበላል። ስም አይጻፍም። ለምን እንደማይጻፍ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። የገባኝ አምና ነው፤ አንዲት እናት ከብርቅዬ ቅርጫት እየዘገነች ስትስቅ እርስዎ ፊትዎን ወደ መስኮቱ ሲያዞሩ አየሁዎት።

የልጅቷ እጅ ደግሞ፣ ወይ ጉድ! ሌሎቹ የቅርጫቱን መነሻ ሲይዙ ግራ ይገባቸዋል፤ እሷ የራሷን ቶሎ ጨርሳ ለጓደኞቿ መነሻቸውን ታበጅላቸዋለች። የእትዬ አልጣሽ ልጅ፣ የዮሴፍ ቅርጫት ግማሹ የእሷ ሥራ ነው።

ዝግጅቱ ሊደርስ ሲል ሱፐርቫይዘሩ መጣ። ዮናታን ይባላል፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ቅርጫቶቹን አገላብጦ አይቶ፣ «ቲቸር፣ ስም የለበትም እኮ! ተከታታይ ምዘናውን በምን ልትሠሪው ነው? እያንዳንዱ ተማሪ ስሙን ይለጥፍበት» አለኝ። ወደ ውጭ ጠርቼ ነገሩን አስረዳሁት።

«ኧረ ቲቸር፣ በዚህ ዘመን! እኩልነት በሕገ መንግሥት በተረጋገጠበት አገር እኛው ልጅቷን እንደብቃት?» አለ።

ንግግሩ ያምራል። ርዕሰ መምህሩም ከእሱ ጋር ወገኑ። ተከራከርኩ፣ ለመንኩ፣ በመጨረሻ «ትእዛዝ ነው» ተባልኩ።

ስም ጻፉ ስላቸው ከሁሉም በላይ የተደሰተችው ማን መሰለችዎት? እሷው ናት። ካርቶን ቆርጣ በቀይ እስክሪብቶ ስሟን ከነአባቷ ጻፈችበት፣ ዙሪያውን አበባ ሳለችበት። «ቲቸር፣ እማዬን እጠራታለሁ፣ መጥታ ታየዋለች» እያለች አላስቀምጥ አለችኝ። ተይው እንዳልላት ምክንያቱን በየትኛው አፌ ልንገራት?

ቀኑ ደረሰ። እናቷ መጥተው በር ላይ ቆሙ፤ ይግቡ ብላቸው «እዚሁ ይሻለኛል» አሉ። ወላጆቹ በጠረጴዛው ዙሪያ ተሰብስበው ስም እያነበቡ፣ እየተሳሳቁ ቆሎውን ይዘግኑ ጀመር። ማንበብ የማይችለውን አጠገቡ ያለው ሹክ ይለዋል። እትዬ አልጣሽ ከልጇ ቅርጫት አፍሳ እየቆረጠመች፣ «የኔ አንበሳ፣ እንዲህ ያለ እጅ አለህ ለካ!» አለች። ዮሴፍ ብርቅዬን አንዴ አየት አደረጋትና አቀረቀረ። የእሷ ቅርጫት ግን እስከ አፉ እንደሞላ ነው። ሄጄ አንድ እፍኝ ዘገንኩ። ዮናታንም እያፈረ ዘገነ፤ ያኔ ነገሩ የገባው መሰለኝ። ከሁለታችን ሌላ እጁን የሰደደ አልነበረም። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ከጠረጴዛው አጠገብ አልተነቃነቀችም። ሰው ሲበተን ቆሎውን በእናቷ ነጠላ ላይ ገለበጠችው። እናቷ «ነይ እንሂድ» አሏት።

ከዚህ በኋላ ትምህርቱን ትተወዋለች ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። የጫካው ጥግ ልጆች እንዲህ ነው የሚቀሩት፤ አንድ ቀን ወንበራቸው ባዶ ይሆናል፣ ማንም አይጠይቅም። እሷ ግን መጣች። ስሟን ስጠራ «አቤት!» ስትለኝ እልል ማለት ቃጣኝ።

ሁለተኛው ሴሚስተር ተጀምሮ እንደገና ዘንባባ ስንይዝ ስም መለጠፉን ዮናታን ራሱ አስቀረው፤ እሷ የሠራችውን አይቼ ግን ደነገጥኩ። ጠማማ፣ የላላ፣ ዳር ዳሩ የተፈታ። አጠገቧ ተቀመጥኩና «ምነው የኔ እመቤት፣ እጅሽን አመመሽ እንዴ?» አልኳት። ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። «በይ ፍቺውና እንደምታውቂበት አድርገሽ ሥሪው።»

አልፈታችውም። ዙሪያዋን አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ አሳምሬ ከሠራሁትማ የእኔ መሆኑን ያውቁብኛል» አለችኝ።

ጋሼ፣ በዚያ ቀን ያልወጣኝ እንባ እዚያው ልጆቹ ፊት አመለጠኝ። ተሳስተሻል እንዳልላት አልተሳሳተችም። ልክ ነሽ ማለት ደግሞ እንዴት ይቻላል? ጠማማውን ቅርጫት እንደ ጠመመ ተቀብያት ከሌሎቹ ጋር ደረደርኩት። አሁን የትኛው የእሷ እንደሆነ እኔም አላውቀውም።

ወገብዎ ከፈቀደልዎ አንድ ቀን ብቅ ይበሉልን፤ ልጅቷ እኔን ካልሰማች እርስዎን ትሰማ ይሆናል።

ክፍልዎን ተረክባ መያዝ ያቃታት፣
ማዕረግ