ቀድሜ የደፋሁት ቀይ ባርኔጣ

ሐምሌ 6፣ ሰኞ
አሳንሰሩ ዛሬም አይሠራም። እስከ ዘጠነኛ ፎቅ በእግሬ... ግን ምንም አልመሰለኝም። እጮኛዬ ዱዱዚ ደውሎ፣ «እናቴ ረቡዕ ከአገር ቤት ትገባለች፣ ልብሱን ይዛ» አለኝ። ቅዳሜ ሰርጋችን ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እሳቸው ራሳቸው ያለብሱኛል። የዙሉ ባለትዳር ሴቶች ልብስ! እኔን፣ የክሬሰንት ታውን ሰፈሯን ሐበሻ፣ መቅደስን። እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

ሐምሌ 8፣ ረቡዕ
የዱዱዚ እናት ከኤርፖርት በቀጥታ እኛ ቤት መጡ። ሻንጣው አልጋዬ ላይ ተከፈተ። ሽንሽን ያለው ጥቁር የቆዳ ጉርድ፣ በዶቃ የተሸፈነ ሽርጥ፣ የትከሻ ልብስ፣ ሰፌድ የሚያክል ቀይ ባርኔጣ... ዶቃውን አንድ በአንድ የሰኩት እሳቸው ናቸው። ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ሁለት ዓመት? እኔን በፎቶ እንኳ ሳያዩኝ ጀምረውታል ማለት ነው።
ሳሎን ሻይ ሲጠጡ አላስቻለኝም። እኛ ዘንድ የሙሽራ ልብስ ሲመጣ ለክቶ ማሳየት ያለ ነው። ባርኔጣውን ደፍቼ ብቅ አልኩ። እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። እሳቸው ግን ሻዩን አስቀመጡ። «ያገባች ሴት ናት የምትደፋው። አንቺ ገና ነሽ።» ቀስ ብለው ከራሴ ላይ አነሱት። ሻንጣውንም ይዘውት ወደ ዱዱዚ ቤት ሄዱ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ሐምሌ 9፣ ሐሙስ
«እናትህ ቅዳሜ ያለብሱኛል?» አልኩት ዱዱዚን።
«አይ ዶንት ኖው፣ መቅዲ። ዝም ብላለች።»
ዝም? ምን ዓይነት ዝም?

ሐምሌ 10፣ ዓርብ
እራት ጠራናቸው። እማዬ አዲስ ነጠላ ሰጠቻቸው። መኝታ ቤት ገብተው ለብሰው፣ ደስ ብሏቸው ወጡ። ጥለቱ ወደ ላይ፣ አገጫቸው ሥር... እማዬ ክው አለች። «ኧረ በሰርጋችን ዋዜማ! ይሄ የለቅሶ ነው እኮ። ይፍቀዱልኝ» ብላ አዙራ አለበሰቻቸው።
ተረጎምኩላቸው። ከዚያ እኔን አዩኝና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አንቺ በባርኔጣው፣ እኔ በነጠላው።»
በር ላይ ጉንጬን ነካ አድርገው፣ «ነገ አንገትሽን አጠንክሪ፣ ይከብዳል» አሉኝ። ያለብሱኛል! ደስታዬን የት ላድርሰው?

ሐምሌ 12፣ እሑድ፣ ኢስት ዮርክ፣ አዲሱ ቤታችን
ትናንት በሰው ሁሉ ፊት አለበሱኝ። ባርኔጣው በእርግጥም ይከብዳል። እማዬ እልል ከማለቷ በፊት ዞር ብላ እሳቸውን አየች። ራሳቸውን ነቀነቁላት። ከዚያማ ማን ያስቁማት። የትከሻውን ልብስ ሲደርቡልኝ በጆሮዬ፣ «ከእንግዲህ እኔ ፊት ትከሻሽ አይታይም» አሉኝ።
እሳቸው ሳሎን ነው ያደሩት። ዛሬ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ከመኝታ ቤት ስወጣ እጄ ራሱ ነጠላዬን አነሳ። ትከሻዬን ሸፍኜ ሳሎን ገባሁ። ከሶፋው ቀና ብለው አዩኝ። መጀመሪያ ያዩት ትከሻዬን አይደለም፣ ጥለቱ ወደ ታች መሆኑን ነው።