የሐይቅ ዳር ዕቁብ

እሑድ፣ ኦክቶበር 2

ቢላዋው አይቆርጥም። አሥራ ስድስት ሺህ ዶላር ፈርሜ በስጦታ ያገኘሁት ቢላዋ ዛሬ ጠዋት ሽንኩርት ላይ ተንሸራቶ ጣቴን ሊወስደው ነበር። ሽንኩርቱን ግን ምንም አላደረገውም። ስቄ አለፍኩት።

የትናንቱን ሳይረሳኝ ልጻፍ። ኤርፖርት አጠገብ ያለ ሆቴል፣ ነፃ ቁርስ። አራት ሆነን ሄድን፦ እኔ፣ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን ሕንጻችን ውስጥ ከእኔ ሁለት ፎቅ በላይ የምትኖረው ጓደኛዬ ሰናይት፣ የዕቁባችን ዳኛ እትዬ ብርቄ፣ እና ከባለቤቴ ከደረጀ ጋር ታክሲ የሚነዳው ነጂብ። ደረጀ ራሱ "ቁርስ ካማረሽ እኔ እገዛልሻለሁ" ብሎ ሥራው ሄደ። ምነው በሰማሁት!

እንቁላሉን፣ ፓንኬኩን፣ ፍራፍሬውን ጥርግ አድርገን ከበላን በኋላ ጥርሱ የነጣ ልጅ መጣ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ "ዜኒ" ይለኝ ጀመር፤ ዘነበች ማለት ከበደው። የሚሸጠው ታይምሼር ነው። ቤቱን ሳይሆን ሳምንቱን ነው የምትገዢው። በሰሜን በኩል ሐይቅ ዳር ያለ ቤት፣ በዓመት አራት ሳምንት፣ በየወቅቱ አንድ፣ ዕድሜ ልክ።

አራት ሳምንት፣ አራት ቤተሰብ፣ ለእያንዳንዱ አራት ሺህ።

"ይኼማ ዕቁብ ነው!" አሉ እትዬ ብርቄ። ሁላችንም ሳቅን፣ እኔ ከሁሉም በላይ። ክሬዲትሽ ጥሩ ነው ተብሎ በእኔ ስም ብቻ ተፈረመ።

ማንም የማያውቀው ደግሞ ይኼ ነው። ልጁ ለብቻዬ ወስዶኝ "ሁለት አዲስ ክሬዲት ካርድ ላውጣልሽ፣ ሙሉውን በእነሱ ክፈይ" አለኝ። በካርዱ ለሚገዛ የሚሰጡት የፖይንት ቦነስ ከዋጋው ላይ አሥራ ሁለት መቶ ዶላር ያህል ይቀንሳል። እዚያው ኮል አድርጎ አፕሩቭ አስደረገኝ። ስለዚህ ሦስቱ ካሽ ያመጡልኛል፣ እኔ ካርዶቹን እዘጋለሁ፣ ፖይንቱ ለእኔ ይቀራል። አራት ሺው ለእኔ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሆነ ማለት ነው። አልነገርኳቸውም። ድካሙ የእኔ አይደል?

ከሰዓት ሰናይት ቤት ዕጣ ጣልን። አራት ወረቀት በስኒ። ሰመር ለሰናይት ወጣላት፤ እልልታዋ ኮሪደሩን አናጋው። ፎል፣ ቅጠል ማርገፊያው፣ ለነጂብ፣ ዊንተር ለእትዬ ብርቄ። ለእኔ ስፕሪንግ፤ ጭቃና ትንኝ። ቢሆንም ፖይንቱ አለኝ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 3

የምሠራበት ፓርኪንግ ድረስ ነጂብ መጣ። በገንዘብ መቀበያ ሳጥኔ መስኮት በኩል ፖስታ አቀበለኝ። አራት ሺህ፣ በሃያ ሃያ ነው አለኝ። አልቆጠርኩም። ከነጂብ የመጣ ገንዘብ እፊቱ መቁጠር ነውር ነው።

"ወለድ የለበትም አይደል ዘነበች? ወለድ ካለበት እኔ የለሁበትም" አለኝ።

"የለበትም" አልኩት። ውሸት አይደለም። ወሩ ሳያልቅ ከተከፈለ የለበትም። ደግሞ እንዲያምነኝ ብዬ የውሉን ኮፒ ሰጠሁት። ማን ያነበዋል ብዬ ነው፤ እኔ እንኳን አላነበብኩት።

አንዱ ገባ፣ ሦስት ቀሩ። የእኔን ጨምሮ ማለቴ ነው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 4

ሰናይት በነጠላ ጫማ ወርዳ መቶ ዶላር ሰጠችኝ። "ይኸው የዚህ ሳምንት።"

"የምን ሳምንት?"

"የዕቁቡ ነዋ! በሳምንት መቶ፣ አርባ ሳምንት። ምነው?"

የምትቀልድ መሰለኝ። አትቀልድም። ዕጣ የወጣለት በልቶ ቀስ እያለ ይከፍላል፣ የዕቁብ ደንብ ነው፣ እሷም ሰመር ወጥቶላታል። የኦታዋዋን እህቷን ጋብዛለች። የዋና ልብስ ገዝታለች፣ ብርቱካንማ። እዚያው ሳሎኔ ውስጥ ልብሷ ላይ ደርባ አሳየችኝ።

ባንክ ዕቁብ አይጠጣም በያት! አላልኳትም። ቅዳሜ ዕለት አንድ ጊዜ አፌን ከፍቼ "ሁላችሁም ባንድ ጊዜ ነው የምትከፍሉት" ብል ምን ነበረበት? ግን ያን ካልኩ "ለምን?" ይመጣል፣ ከ"ለምን" ቀጥሎ ካርዱ፣ ከካርዱ ቀጥሎ ፖይንቱ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

መቶዋን ተቀበልኳት። "አመሰግናለሁ ሆዴ" ብያት! ኤጭ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 5

እትዬ ብርቄ ደወሉ።

"ልጄ፣ ይኼ ዊንተር የሚሉት ለእኔ አይሆንም። ጉልበቴን ታውቂዋለሽ። በረዶ ላይ ተቀምጬ ምን ልሠራ? ዕጣዬን ሽጪልኝ።"

"እትዬ፣ መሸጥ እኮ አይቻልም።"

"ዕጣ የማይሸጥበት ዕቁብ? ስንት ዘመን ስዳኝ አይቼም አላውቅ!"

ምን ልበላቸው። ቶሮንቶ በገባሁ በዓመቴ ዋስ ሆነው ዕቁብ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ የዕቁቡ ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ፣ እሱም በእሳቸው ቃል። "እሺ እትዬ፣ እጠይቃለሁ" ብዬ ዘጋሁ። ማንን ነው የምጠይቀው?

የነጂብ አራት ሺህ መሳቢያ ውስጥ ነው። የእኔን አራት ሺህ ለማውጣት ለቤት ያጠራቀምነውን መንካት አለብኝ። የቀረው ስምንት ሺህ ካርድ ላይ ይቀመጣል፣ ወለዱ ሃያ ከመቶ ሊሞላ ምንም ያልቀረው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል እንዲህ ነው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 6

ሁለት ስልክ ደወልኩ።

አንደኛ፣ ለሻጩ። ከፈረምኩ ወዲህ "ዜኒ" ቀርቶ "ማዳም" ሆኛለሁ። ሄድኩም አልሄድኩም በየዓመቱ የጥገና ክፍያ አለ። ልጅም ይወርሰዋል። ክፍያው ነው የሚወረሰው! በቁርሱ ላይ የነበረው ፈገግታ በስልክ እንኳን አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ለካርዱ። ያ ሁሉ ፖይንት በገንዘብ ሲመነዘር ሦስት መቶ ዶላር አይሞላም። ከታይምሼሩ ዋጋ ላይ አይቀነስም፤ በእነሱ ካታሎግ ዕቃ ነው የሚወሰደው። ሻንጣ አለ። ማንቆርቆሪያ አለ። ቶስተር አለ።

ሦስት ቤተሰብ በሻንጣ ሸጥኩ። ለሁለት ሰዓት ያህል ከፓርኪንግ ቤቷ መስኮት ሰው ሲከፍለኝ ቀና ብዬ አላየሁም።

ማታ ስገባ ካርዶቹ ከነዕዳቸው ዝርዝር በፖስታ ደርሰዋል፣ ደረጀ ከፍቷቸዋል። ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። እሱ የሚያውቀው አራት ሺህ እንደምናዋጣ ብቻ ነበር።

"አሥራ ስድስቱም በአንቺ ነው?"

"በእኔ ነው።"

"ባንክ ቤት የምንቀርበው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። ይኼን እያዩ የቤት ብድር ይሰጡናል ብለሽ ነው?"

አምስት ዓመት። እሱ በታክሲ፣ እኔ በዚያች ሳጥን፣ ስካርቦሮ ሦስት ክፍል ያለው ቤት ለመግዛት አምስት ዓመት። አልጮኸም። ምግቡን ሳይነካ ታክሲውን ይዞ ወጣ። ምነው በጮኸብኝ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 7

ነጂብ ውሉን አነበበው። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ፣ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ገጽ በገጽ። በእስኪሪብቶ አስምሮበት መጣ።

"ስምሽን አምኜ ገንዘቡን ሰጠሁ፣ ወረቀቱን ደግሞ አነበብኩ" አለኝ። ከዚያ ሁለት ቦታ አሳየኝ። አንዱ፣ ደቃቅ ፊደል፦ ውሉ ከተሰጠሽ ቀን አንሥቶ በዐሥር ቀን ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት በጽሑፍ ማፍረስ ትችያለሽ። ሌላው፣ ከኋላ የተያያዘው የካርዱ ወረቀት። ወለዱን ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

"የለበትም ብለሽኝ ነበር።"

ገንዘቤን መልሺ አላለኝም፣ አልተቆጣኝም። ከኋላው ያለ መኪና ጡሩምባ ሲነፋ ሄደ።

ከቅዳሜ ዐሥር ቀን ማክሰኞ ነው። ሰኞ ታንክስጊቪንግ፣ የምስጋና በዓል ነው፣ ፖስታ ቤት ዝግ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 8

ፖስታ ቤት ዛሬ ክፍት ነበር። አልሄድኩም። ምክንያቶቼ እነዚህ ናቸው፦

እትዬ ብርቄ ይቀየሙኛል።

ሰናይት እህቷን ጋብዛለች።

ፖይንቱ።

ሦስተኛውን ልሰርዘው ነበር፣ እውነት ስለሆነ ይቀመጥ። አሁንም፣ ይኼን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ፣ ውስጤ ያለች አንዲት ስስታም "ሻንጣውስ?" ትላለች። ቱ!

ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ካለ የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ገብቼ ባለሱቋ "የሐይቅ እመቤት! እንኳን ደስ ያለሽ!" አለችኝ። ሰናይት አውርታለች። እኔም ፈገግ ብዬ "እንኳን አብሮ ደስ ያለን" አልኩ። ከዚያ ሱቅ እስክወጣ ፈገግታዬን ይዤ ነበር። የዚያን ጥርሰ ነጭ ፈገግታ መስሎ ተሰማኝ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 9

ሰናይት ቤት ወጣሁ። ቁጭ ሳልል ሁሉንም ነገርኳት፣ ፖይንቱንም፣ ካታሎጉንም። መቶዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላት።

መቶዋን አልነካቻትም።

"እኛ በቁርስ ተሸጥን፣ አንቺ በሻንጣ" አለች። "ብትነግሪኝ እኮ፣ ፖይንቱን አንቺ ውሰጂው እል ነበር። ምን ያደርግልኛል? ለምን ደበቅሽኝ?"

እውነቷን ነው፣ ትሰጠኝ ነበር።

"ለእህቴ ምን ልበላት?" ብላ በሩን ከፈተችልኝ። ደረጃውን በእግሬ ወረድኩ። ሊፍት ውስጥ ሰው እንዳያየኝ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 10

ሁሉ ዝግ። ሕንጻው በሙሉ የበዓሉን የተርኪ ዶሮ ጥብስ ይሸታል።

ደብዳቤውን ጻፍኩ። አራት መስመር ብቻ። ውሉን አፍርሻለሁ፣ ገንዘቡ ወደ ካርዶቹ ይመለስ፣ ቀን፣ ስም። ደረጀ አነበበውና "ከፊርማሽ በታች ስልክሽን አትጻፊ፣ ደውለው ያሳምኑሻል" አለ። ያውቀኛል።

ከዚያ ስኒ ገልብጦ ያንን ቢላዋ በስኒው ቂጥ ሊስለው ታገለ። አሥር ደቂቃ። "ይኼስ ስለትም አይቀበል" ብሎ ወረወረው፣ ሳቅም አመለጠው። ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። የሠራሁትንም በላ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 11

ዳንፎርዝ ያለው ፋርማሲ ውስጥ፣ ከኋላ በኩል፣ የፖስታ መስኮት አለ። ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ። በአደራ ደብዳቤ ለማለት ሪኮማንዴ አልኩ፤ እንግሊዝኛው ጠፍቶብኝ። ልጅቷ ገባት። ማኅተሙን የዛሬውን ቀን አድርጋ መታችው።

"የሱቁ የፖይንት ካርድ አለሽ?" አለችኝ።

እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ እግዜር ያሳያችሁ! ባዶውን አወጣሁትና በዝርዝር ሳንቲም ከፈልኩ።

ከዚያ እትዬ ብርቄ ዘንድ ሄድኩ። አፈረስኩት አልኳቸው።

"ተመስገን" አሉ። "እኔ እኮ ከመጀመሪያውም አልፈለግሁትም።"

"ታዲያ ለምን ዕቁብ ነው አሉ፣ እትዬ?"

"የሰው ቁርስ በልተን፣ አፋችንን ጠርገን እንዴት እንውጣ? ነውር አይደለም?"

በእንቁላል! አሥራ ስድስት ሺህ ዶላር በእንቁላል። እኔም እኮ ያን ቀን መጀመሪያ ያሰብኩት ይኼንኑ ነበር። ፖይንቱ ኋላ ነው የመጣው። ሳቅ ሊያመልጠኝ ሲል እሳቸው በንግግር ቀደሙኝ።

"ሰናይት ነግራኛለች። ከሚቀጥለው ዙር የዕቁቡን ገንዘብ ሌላ ሰው ይያዘው፣ ልጄ።"

በለሆሳስ ነው ያሉት። "እሺ እትዬ" አልኩ። ጉንጬን ስመው ሸኙኝ።

ገንዘቡ እስኪመለስ ሳምንታት ይፈጃል ይላሉ። ባንክ ከምንቀርብበት ቀን ይቅደም አይቅደም አላውቅም። ቢላዋውን መልሺ ቢሉኝ ደስታዬ ነው።

ከሰዓት ነጂብ ፓርኪንግ መጣ። ፖስታውን ከመሳቢያ እንዳወጣሁት፣ እንደታሸገ፣ በመስኮቷ አቀበልኩት። "ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት። "ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ፣ ችግር የለም" አለኝ፣ ከልቡ ይመስለኛል።

ከዚያ ፖስታውን ቀደደና፣ እፊቴ፣ አንድ በአንድ ቆጠረው።