ኮንቨርሽን ማለት

ሰኞ፣ ኅዳር 9፣ 2017
ልምምድ። የጂንካ ጭቃ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ይኼ ሞላላ ኳስ መሬት ሲነካ የት እንደሚዘል አይታወቅም። አሰልጣኝ ተመስገን የሥራ ድርሻችንን ጽፎ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጠፈ። "አምበል ሐፍሳ። ኮንቨርሽን ሩሐማ።" የራግቢ ቡድናችን መቺ እኔ ነኝ ማለት ነው። ቅዳሜ ሳምንት ከአርባ ምንጭ ልጆች ጋር ግጥሚያ አለን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11
ማስታወቂያውን ጋሽ አበጀ አይተውታል። እንደ አባባ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችንን ለሚረዱት ፈረንጆች የሚላከውን ሪፖርት የሚጽፉትም እሳቸው። እዚያ ላይ ኮንቨርሽን ማለት ሃይማኖት መቀየር ነው። አምበሏ ደግሞ ሐፍሳ... ሌላ ምን ሊያስቡ?
አባባ ከሥራ እንደተመለሰ፣ "ሩሐማ፣ ልትሰልሚ ነው?" ሳቄ አመለጠኝ። እሱ አልሳቀም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13
ለምን ኮንቨርሽን ተባለ? አሰልጣኙን ጠየቅኩት። ድሮ ኳሱን ከመስመሩ አሳልፎ መሬት ማስነካት ብቻውን ነጥብ አያሰጥም ነበር አለኝ። የሚያሰጠው አንድ ምት ወደ ግብ የመሞከር መብት ነው። "ትራይ" የተባለውም ለዚህ ነው፣ ሙከራ። ምቱ በቋሚዎቹ መሃል ከአግዳሚው በላይ ካለፈ ሙከራው ወደ ግብ ተለወጠ። ኮንቨርሽን ይኸው ነው።
ለአባባ ነገርኩት።
"እኔስ ገባኝ። ሽማግሌዎቹ ግን እሑድ ጉባኤው ፊት ይቅርታ ትበል ብለዋል። ካልሆነ ከመዘምራን ትወጫለሽ። አንድ ቃል ናት፣ በያትና ይለፍ።"
ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የዘመርኩበት... ግን ምን አጥፍቼ?

እሑድ፣ ኅዳር 15
ቃሏን አላልኳትም። ማይኩን ሰጡኝ። ስለ ምቱ አስረዳሁና "ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር የለም" አልኩ።
"ታዲያ ስሙን ለምን አትቀይሩትም?" አሉ ጋሽ አበጀ።
"ስሙ እሱ ነው፣ ጋሼ።"
ከመዘምራን ታገድኩ። አባባ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት ወንበር ላይ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም። እገዳውን እችለዋለሁ። ያመመኝ ይኼ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21
ተሸነፍን። ሦስት መታሁ፣ አንዱን ሳትኩ። ሁለቱን ለወጥኳቸው። ማንም ከውጤቱ ላይ አይፍቃቸውም።

እሑድ፣ ኅዳር 22
አልቀርም ብዬ ሄድኩ። መዘምራኑ ያለ እኔ ቆሙ። ኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።
አባባ ከሽማግሌዎቹ ወንበር ተነሳ። ሰው ሁሉ እያየው መጣና፣ "ጠጋ በይ።" አጠገቤ ተቀመጠ።
መዝሙሩ ሲጀመር እኔም ከተቀመጥኩበት ጀመርኩ። ጮክ ብዬ። ጋሽ አበጀ ዞረው አዩን። አባባ ዝም በይ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ... እሱም አብሮኝ ዘመረ።