የእናትሽ ፉጨት

ልጄ ሚራን፣ የባሕሩ ንጉሥ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ በልተሻል ወይ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም አልከዳኝም።

ይህን የምትጽፍልኝ የጎረቤታችን ልጅ ኡንጂ፣ ከተማችንን ቡሳንን ሊያዩ የመጡ እንግዶችን በኤሌክትሪክ ብስክሌት ስታስጎበኝ እኔንም አስከተለችኝ። ዳገቱን እንደ ሕልም ተንሳፍፌ ወጣሁት።

«አባባ፣ ቀስ ይበሉ! ሙሽሪት ትጠብቅዎታለች እንዴ?» ትለኛለች።

ቁልቁል ስንወርድ ከጉሙ ውስጥ ፉጨት ሰማሁ። እናትሽ ትንፋሿን ይዛ ጠልቃ፣ ከባሕሩ ወለል ቀንድ አውጣ ለቅማ ብቅ ስትል ስትተነፍስ የምታሰማው፣ ያው ራሱ። «ወጣች!» ብዬ ጮኽኩ፤ እንግዶቹ ሁሉ ቆሙ። ለካስ የሚያፏጨው የኡንጂ ብስክሌት ፍሬን ነው።

እናትሽ እስክታፏጭ ድረስ እኔም ዳር ቆሜ ትንፋሼን ይዤ ነበር የምጠብቃት። አንቺ ከቀብሯ ወዲህ አልደወልሽም። ባሕሩ የሰፋውን ያህል ዕድሜ ይስጥሽ። መለመን አላውቅበትም፤ ግን ትንፋሼን ይዣለሁ። አንዴ ደውይና ልተንፍስ።

አባትሽ