ሲበላሽ የሚከፈተው ገጽ

አስቱዬ፣

«ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል» ብዬ ልጀምር አልኩና ራሴው ሳቅኩ። እኔ ግን ተመስገን ደህና ነኝ፤ ከጉልበቴና ከዐይኔ በቀር። ከተለየሽኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በእስክሪብቶ አይደለም፤ በኪቦርድ ነው፣ በሁለት ጣት። ሳቂ፣ ግድ የለም። ሃያ ስምንት ዓመት ከዲላ ይርጋጨፌ፣ ከይርጋጨፌ ጨለለቅቱ ቅጥቅጥ ስነዳ የኖርኩት፣ ኮምፒውተርሽን «ያ ቴሌቪዥንሽ» እያልኩ ስቀልድበት የነበርኩት ባልሽ፣ ዛሬ ወንበርሽ ላይ ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ጉድ በይ!

ቤታችን እንዳለ ነው። ወደ መንገዱ የሚከፈተው ጽሕፈት ቤትሽም አልተዘጋም፤ የበሩን ሰማያዊ ቀለም ባለፈው ክረምት አሳደስኩት። ልጃችን ሰላም ሐዋሳ ሥራ ይዛለች። በየሳምንቱ እየደወለች ትቆጣኛለች፤ ቁጣዋ ቁርጥ አንቺን።

ዛሬ የተቀመጥኩት ላመሰግንሽ ነው፤ ስለ ደብተሩ።

ኩላሊትሽ ጠንቶብሽ አልጋ ላይ በዋልሽባቸው ወራት፣ ትራስ ተደግፈሽ በባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ ስትጽፊ አይሽ ነበር። ኑዛዜ መስሎኝ ፈራሁና አልጠየቅኩሽም። አርባሽ ካለፈ በኋላ ብገልጠው፣ ለካ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚነዳ ለእኔ እየጻፍሽ ኖሯል። «አንድ፦ መብራት መኖሩን እይ። ሁለት፦ ስታብላይዘሩን አብራና መርፌው መሃል ላይ እስኪቆም ጠብቅ። እንደ መኪናህ ነው፤ ሳይሞቅ አትንዳው። ሦስት፦ ሻይህን ከኪቦርዱ አርቅ። አውቅሃለሁ።» ወረድ ብሎ ደግሞ፦ «አንድ አንቀጽ በጻፍክ ቁጥር ሴቭ አድርግ፤ መብራት ዘመድህ አይደለም።» ከሁሉም በታች ሁለት ጊዜ ያሰመርሽበት፦ «ሳታነብላቸው እንዳታትም። የሰው ስም ነው፤ ቀልድ አይደለም።»

የሩቁን ማየት አቅቶኝ መሪ ከለቀቅኩ ወዲህ ቤት ውስጥ ስንቆራጠጥ፣ ከጎረቤት ዶሮ ጋር ሳይቀር ስጣላ ታዪኝ ነበር። አንቺ ስትሄጂ ደግሞ ምን እንደምሆን ገብቶሻል። ስለዚህ ሥራ ትተሽልኝ ሄድሽ። እግዜር ይስጥሽ። ያ ደብተር ባይኖር ኖሮ ዕጣዬ መጠጥ ቤት ነበር፤ እውነቱን ነው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩን እከፍታለሁ። መነጽሬን አደርግና ደብተርሽን አነባለሁ። በቃሌ ባውቀውም አነበዋለሁ፤ ስታዢኝ መስማት ስለምፈልግ ነው። ከዚያ ስታብላይዘሩ፣ ከዚያ መብራት ሲጠፋ እንደ ጫጩት የሚጮኸው ዩፒኤስ፣ ከዚያ ሆዳሙ ስክሪን። ማውሱ ዛሬም የሚሄደው ከመኪናዬ አሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ በሠራሁልሽ ምንጣፍ ላይ ነው። ኪቦርዱም ያው ነው፤ በየቁልፉ ላይ ፕላስተር ለጥፈሽ የአማርኛውን ፊደል በእጅሽ የጻፍሽበት። እኔ ፊደሎቹ የት የት እንዳሉ የማውቀው በአንቺ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው።

የመጨረሻውን ገጽ ግን ሳልከፍተው ቆየሁ። አጥፈሽ፣ በክር ሰፍተሽ፣ በላዩ ላይ «ሲበላሽ ክፈተው» ብለሽበት ነበር። አልተበላሸማ! ማሽኑ መንተፋተፍ ሲጀምርም «ጉንፋን ነው» እያልኩ አለፍኩት። ሰላም ለፋሲካ ስትመጣ ላፕቶፕ ይዛልኝ መጣች፤ የአማርኛ መጻፊያውን ጫነችልኝ፣ ከማተሚያው ጋር አገናኝታ አሳየችኝ። አመስግኜ ቁምሳጥን ውስጥ ከነጠላዎችሽ ሥር አስቀመጥኩት። ደብተርሽ ስለ ላፕቶፕ አንድ ቃል አይልም። አሮጌው ከሞተ ደብተሩም ሥራ ይፈታል፤ ያቺን ገጽ ከከፈትኩ ደግሞ ከአንቺ የምሰማው አዲስ ነገር አይኖርም። ይህ ነው የያዘኝ። ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለአንቺ ግን ምን እደብቅሻለሁ?

የጨለለቅቷን አዳነችን ታስታውሻታለሽ? የባሏን ውርስ ጉዳይ የጻፍሽላት። ባለፈው ወር ረቡዕ ዕለት መጣች። የልጇ የትምህርት ቤት ካርድ ላይ የአባት ስም ተሳስቶ ተጽፎ፣ የማስተካከያ ማመልከቻ ካልቀረበ ልጅቷ ልትመዘገብ አትችልም፤ ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። መጻፍ ጀመርኩ፤ መሃል ላይ ማሽኑ ቀጥ አለ። ሴቭ አላደረግኩም፤ አትቆጪኝ። እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና ቀጥ። ነገ ነይ አልኳት። ሐሙስም መጣች፤ ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ከጠዋት ጀምራ ተቀመጠች። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ሌላ ጽሕፈት ቤት ልጠቁማት ብል፣ የአስቴርን ቤት ነው የማምነው ብላ እንቢ አለች። እኔም ቁምሳጥን ውስጥ ደህና ላፕቶፕ እያለልኝ፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ «ማሽኑ እንቢ አለ» አልኳት። ለመጨረሻው መኪና ልትደርስ፣ «ነገም እመጣለሁ» ብላ አሥር ሰዓት ላይ ተነሣች። አላማረረችም። ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር።

እሷ ከመንገዱ ማዶ እስክትሰወር አየኋትና ተመልሼ ገብቼ፣ ክሩን በምላጭ ቆረጥኩት።

«ካልተነሣ ተወው፤ ዕቃ ነው። አንተ ዕቃ መጣል አትወድም፣ ያንን ሁሉ የዛገ ብሎን ማን ይረሳዋል። ሰላም የምታመጣልህን ተቀበል፣ አትኩራባት። ስለ አዲሱ እኔ አላውቅም፤ እሱን ራስህ ጻፈው፣ ገጽ ትቼልሃለሁ። ብቻ በእኔ ምክንያት ሰው አታስቁም።»

አስቱ፣ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሁለት ቀን ሙሉ በአንቺ ምክንያት ሰው አስቁሜ ነበር። አንቺ ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ያ ሁሉ ሕመም እያለብሽ፣ ይህን እንደማደርግ ታውቂ ነበር። አንዲት ሴት ባሏን እንዲህ አብጠርጥራ ታውቃለች? አፈርኩ፤ ግን ደስም አለኝ። እንዲህ የሚያውቀኝ ሰው ነበረኝ።

ዓርብ ማለዳ ላፕቶፑን ከነጠላዎችሽ ሥር አወጣሁት። ለሰላም ደወልኩ። «አባዬ፣ እስከ ዛሬ የት አስቀምጠኸው ነው?» ብላ ከጮኸችብኝ በኋላ፣ በስልክ እየመራች ደረጃ በደረጃ አስከፈተችኝ። የአንቺ ኪቦርድ በአዲሱ ላይ ይሠራ እንደሆነ ስጠይቃት፣ ገመዱን ከጎኑ ሰካው አለችኝ። ሰካሁት። «አ»ን ብነካ «አ» ወጣ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

አዳነች ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ጻፍኩላት፤ በየአንቀጹ ሴቭ። ልክ ላትም ስል ትዝ አልሽኝና ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሁለተኛው መስመር ላይ እጇን አነሣች። የልጅቷን የአባትና የአያት ስም አገላብጬ ጽፌው ነበር! የተሳሳተ ስም ላርም ተቀምጬ ሌላ ስሕተት ልጨምርላት። ሁለታችንም ሳቅን፤ አስተካከልኩ፣ አተምኩ፣ ወረቀቱን ይዛ እየሮጠች ወጣች። በሳምንቱ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ይዛልኝ መጣች። ልጅቷ ተመዝግባለች። ነፍስሽን ይማር ብላለች።

አሮጌውን ማሽን ኮምፒውተር ለሚጠግን ሰውዬ ሰጠሁት፤ ፈታትቶ ይጠቀምበት። አዎ፣ እኔ ነኝ ዕቃ የሰጠሁት! ኪቦርድሽንና ላስቲኩን ግን አልሰጠሁም፣ አልሰጥምም። በተውሽልኝ ገጽ ላይም «አንድ፦ ገመዱን ሰካ» ብዬ መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ ከእኔ በኋላ እዚህ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው። ፕላስተሩ ላይ ፊደል ሲደበዝዝ የአንቺን መስመር ተከትዬ በእስክሪብቶ አደምቀዋለሁ። «ሰ» ቶሎ ቶሎ ትጠፋለች፤ በስምሽም በልጃችንም ስም ውስጥ ስላለች ይሆናል።

አልረሳሽም ማለት ለአፍ ቀላል ነው። እኔ የምምልልሽ በሌላ ነው፤ ይህ በር ክፍት እስከሆነ ድረስ በአንቺ ወንበር ፊት ሰው አይቆምም፣ ያልተነበበለት ወረቀትም አይወጣም። ይህንንም ደብዳቤ ላትመው ስል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብዬ አነበብኩልሽ። እጅሽን የምታነሺበት ቦታ ይኖር እንደሆነ ብዬ ትንሽ ጠበቅኩ።

በሩ ላይ ሰው መጣ። ልነሣ፣ አላስቁመው።

ሹፌርሽ